ስለ ከተማ ጉብኝት፤ በሄሮን የተደረገ ምልልስ

ይህ ምልልስ በጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ በኅዳር ወር አንድ ምሽት፣ የቀኑ ሐሩር በርዶ የባሕሩ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት፣ በሁለት ኢትዮጵያውያን መካከል የተደረገ ነው። አንደኛው በድሬዳዋ ተወልደው፣ ብዙ ዘመን በምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግለው፣ ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸውና «ነዋሪ» ብለናቸዋል። ሁለተኛው በአውሮጳ ተምሮ የተመለሰ፣ ከአዲስ አበባም የታሪክ መምህራንን መርቶ በባቡር የመጣ ጐልማሳ ነው፤ እርሱንም «እንግዳ» ብለነዋል።

እንግዳ፦ ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት በርዎን ያንኳኳሁት ለአንድ ክርክር ዳኛ እንዲሆኑን ለመለመን ነው። ነገ ከተማውን ልንጎበኝ ስንሰናዳ ዐሥራ ሁለት መምህራን በሦስት ወገን ተከፈልን፤ አንዱ ወገን ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ሁሉን በአንድ ቀን እንጨርስ ሲል፣ ወጣቶቹ ብስክሌት ይፈለግልን አሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከተማ የሚታወቀው በእግር ሲረግጡት ብቻ ነው ብለው ከቃላቸው ፍንክች አላሉም። በተማርኩበት በአውሮጳ ሦስቱም ዓይነት ጉብኝት ከየዋጋው ጋር በሰሌዳ ተጽፎ በየአደባባዩ ስለሚሸጥ፣ መንገደኛ ኪሱንና ሰዓቱን አይቶ አንዱን ይመርጣል እንጂ ብዙ አይጨነቅም ነበር።

ነዋሪ፦ ዳኛ ከመፍረዱ አስቀድሞ የተከራካሪዎቹን ቃል ይቀበላልና፣ አንተ ከየትኛው ወገን እንደ ቆምህ፣ ስለ ምንስ እንደ ቆምህ አስረዳኝ። ምርጫ የጠባይ ነገር ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ ምክንያት ግን በሚዛን ሊቀመጥ ይችላል።

እንግዳ፦ እኔ ከአውቶቡሱ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከተማው ደግሞ ከዚህ ከሄሮን ተነሥቶ በአምቡሊ በኩል እስከ ባልባላ፣ ከዚያም እስከ ዶራሌ ወደብ የተዘረጋ ስለ ሆነ በእግር ልናዳርሰው አይቻለንም። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ጕልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አዛውንት መምህርት አሉ፤ እኛ ከተማ ለከተማ ስንዞር እርሳቸው በሆቴል ቢቀሩ ማኅበራችን ፈረሰ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በአውቶቡስ ውስጥ አስረጂው አንድ ጊዜ ሲናገር ሁሉም ይሰማዋል፤ በጎዳና ላይ ግን የፊተኛው ሲሰማ የኋለኛው ሱቅ ያያል።

ነዋሪ፦ ሦስቱም የሚናቁ ምክንያቶች አይደሉም፤ በተለይ ሁለተኛውን ካላነሣኸው እኔ አነሣው ነበር። ነገር ግን ልብ ብለህ እንደ ሆነ፣ የተናገርኸው ሁሉ ስለ ተጓዦቹ ነው፤ ልታዩት ስለምትሄዱት ነገር አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። አውቶቡስ ከተማን የሚያሳይህ እርሱ ሊያልፍበት በሚችለው መንገድ ወርድ ልክ ነው፤ የሚያቆምህም ታሪክ በቆመበት ሳይሆን መቆሚያ በተገኘበት ነው፤ በመስተዋቱም ውስጥ ዓይንህ ይሠራል እንጂ ጆሮህና አፍንጫህ ሥራ ፈት ይሆናሉ። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ነገር አስታውስ፤ ከኢየሩሳሌም በሠረገላ ሲመለስ መጽሐፉን ያነብ ነበር፣ ምሥጢሩ ግን አልተገለጠለትም፤ የተገለጠለት በእግሩ ሮጦ የደረሰው ፊልጶስ አብሮት በተቀመጠ ጊዜ ነው፤ ወደ ውኃውም የወረዱት ሠረገላውን አቁመው ነው። ሠረገላው መንገዱን አሳጠረለት እንጂ ትርጓሜውን አልሰጠውም።

እንግዳ፦ እንግዲያውስ ፍርዱ ለእግረኞቹ ተሰጠ ልበል?

ነዋሪ፦ አትቸኩል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፊልጶስም እኮ ሠረገላው ላይ ወጥቷል። እኔ የምልህ፣ የከተማ ጉብኝት በምን ይሁን ብሎ ከመጠየቅ በፊት ከተማው እንዴት ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር እነግርሃለሁ፤ የዚህ አገር መዝገብ የተጻፈው በእርሱ ነውና። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የተቀመጡት በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በኦቦክ ነበር፤ ሙሴ ላጋርድ የሚባለው ገዢያቸው በ1888 ወደዚህ መሻገር በጀመረ ጊዜ ጅቡቲ ማለት ከባሕሩ ጥቂት ብቅ ያሉ የኮራል ጕብታዎች ነበረች። ዛሬ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ፣ ፕላቶ ዱ ሄሮን እየተባሉ የሚጠሩት እነዚያው ጕብታዎች ናቸው፤ ባሕሩን በድንጋይና በአፈር እየሞሉ መንገድ በማውጣት እርስ በርሳቸው አያያዟቸው። እኔና አንተ የተቀመጥንበት ይህ ሰፈርም ከዋናው ከተማ የሚገናኘው በዚሁ ዓይነት የሙሌት መንገድ ነው።

እንግዳ፦ የከተማው አመሠራረት ከጉብኝቱ ምርጫ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ገና አልታየኝም።

ነዋሪ፦ አሁን ይታይሃል። ይህች ከተማ በሦስት ዘመን፣ በሦስት ዓይነት ርምጃ የተሠራች ናት። የመጀመሪያው፣ ሰውና ግመል ብቻ የሚሄዱበት ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ የተሠራው አሮጌው ከተማ፣ ማለት ምኒልክ አደባባይና ዙሪያው፣ ቤቱ በኮራል ድንጋይ የታነጸ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ከፊቱም ባለ ቅስት በረንዳ የተዘረጋለት ነው፤ ያ በረንዳ እግረኛ ከፀሐይ ተከልሎ ከሱቅ ሱቅ እንዲሻገር ታስቦ የተሠራ እንጂ ለጌጥ ብቻ የቆመ አይደለም። ሁለተኛው፣ የባቡርና የመርከብ ዘመን ነው፤ ወደቡ፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ፣ ፕላቶዎቹንም የሚያገናኙት ረዣዥም የሙሌት መንገዶች የእርሱ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው የመኪና ዘመን ነው፤ ባልባላ፣ የዶራሌ ወደብ፣ እናንተ ትናንት የወረዳችሁበት የናጋድ ጣቢያ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። እንግዲህ የእኔ መርሕ አጭር ነው፤ እያንዳንዱን ሰፈር በተሠራበት ዘመን ርምጃ ልክ እየው።

እንግዳ፦ ይህ ነገር በአውሮጳ ያየሁትን ሁሉ ትርጕም ይሰጠዋል። በቬኒስ መኪናና አውቶቡስ ከከተማው መግቢያ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ እግርና ጀልባ ብቻ ነው፤ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ብስክሌት መንዳት እንኳ የተከለከለ ነው፤ ማንም ግን ስለዚህ ሲያማርር አልሰማሁም፣ ከተማው በእግር ልክ ተሠርቷልና። በአምስተርዳም ደግሞ ምድሩ ሜዳ፣ መንገዱ በቦይ ዳር የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ነዋሪው ራሱ በብስክሌት ላይ ይኖራል ማለት ይቻላል፤ በ1965 አንዳንድ ወጣቶች ነጭ ቀለም የተቀባ ብስክሌት ማንም እንዲነዳው ብለው ያለ ቁልፍ በጎዳና ላይ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ፓሪስን በአውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳያት ያማረችልኝ፣ ሐውስማን ከ1853 ጀምሮ ባስከፈታቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ሳለሁ ነው፤ ማሬ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ስንደርስ ግን ከአውቶቡሱ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ሆነ። ነገር ግን፣ ጋሼ፣ መርሕዎ እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ሮማን በፈረስ ሠረገላ ካልሆነ አትዩ ሊያሰኝዎ ነው።

ነዋሪ፦ (እየሣቁ) ሠረገላው ቢገኝ አልጠላም ነበር። ነገር ግን የተናገርሁት ስለ ርምጃ ነው፤ ስለ እንስሳው አይደለም። የፈረስ ሠረገላ በከተማ ውስጥ ቢጎተት ከብስክሌት አይፈጥንም፤ ስለዚህ ሠረገላ በሄደበት ብስክሌት ሲሄድ የሚያመልጠው ነገር ጥቂት ነው።

እንግዳ፦ እሺ፣ በእግር የሚታየውን ይንገሩኝ። ከየት ተነሥተን ወዴት እንሂድ?

ነዋሪ፦ ከምኒልክ አደባባይ ተነሡ። አገሩ ነጻ ከወጣበት ቀን ወዲህ በይፋ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ይባላል፤ ሆኖም ሽማግሌውም ታክሲ ነጂውም ምኒልክ ሲል ትሰማዋለህ። የታሪክ መምህራን ናችሁና፣ በአንድ የቀድሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ እምብርት ላይ የአንድ አፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት ስም እንዴት ተተከለ ብላችሁ በዚያ በረንዳ ጥላ ሥር ቆማችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ወደ ባቡሩ ስንደርስ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ የፈረንጅ ከተማ አልቆ የአገሬው ከተማ የሚጀምርበት መሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ይቀበላችኋል፤ በፊት በሐረር ይነግድ በነበረው በባለ ቅኔው በራምቦ ስም ይጠራ ነበር፤ የዛሬውን ስም የሰጠው ስለ ነጻነት ሲታገል በ1960 በአውሮጵላን አደጋ የሞተው የጅቡቲ ሰው ነው። በፊት ለፊት የምታዩት ሐሙዲ መስጊድ በ1906 አንድ የየመን ነጋዴ ያሠራው ነው። ገበያውም እዚያው ነው። ከገበያው በስተ ኋላ ሰፈሮቹ ስም ሳይሆን ቍጥር አላቸው፤ ካርትዬ አንድ፣ ካርትዬ ሁለት እየተባለ ይቀጥላል፤ ቅኝ ገዢ ለራሱ ሰፈር ስም ሲያወጣ ለሌላው ቍጥር እንደ ሰጠ፣ ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ በእግር መሻገር ይበልጥ ያስተምራል።

እንግዳ፦ በአውቶቡስ ብናልፍም እኮ ድንበሩን እናየዋለን።

ነዋሪ፦ ታዩታላችሁ፤ አትሰሙትም ግን። በዚያ ገበያ ውስጥ መቶ ርምጃ ስትራመድ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይፈራረቁብሃል፤ በመካከሉም ከአገር ቤት የመጣ አትክልት ከፊቷ የደረደረች ሴት በአማርኛ ዋጋ ስትከራከር ትሰማለህ። ለዚህ የሚሆን አስረጂ ምን ያደርጋል? የዚህ አገር ቀለብ ከማን ማሳ እንደሚመጣ ጆሮህ ይነግርሃል።

እንግዳ፦ ተረታሁ ልበል፤ ጕልበታቸውን የሚያማቸውን እናታችንን ግን አልመለሱልኝም።

ነዋሪ፦ እርሳቸው መንገዱን ይምሩት።

እንግዳ፦ እንዴት ሆኖ?

ነዋሪ፦ ከእግረኞች መካከል ደካማው የሚችለው ርቀት የሁሉም ርቀት ይሁን ማለቴ ነው። የአባቶቻችንን ጕዞ አስበው፤ ወደ ገዳም ሲሳለሙ የሚወጡት ሰዎች ቀኑን በየምዕራፉ ይከፍሉት ነበር፣ ጠንካራውም ደካማውን ይጠብቀው ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከአደባባዩ እስከ መስጊዱ አንድ ምዕራፍ፣ ከመስጊዱ እስከ ገበያው ሁለተኛ ምዕራፍ ይሁን፤ በየመካከሉ ጥላና ወንበር ያለበት ሻይ ቤት ምረጡ። መምህርቷ በመካከል ቢደክማቸው፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባው ታክሲ በየማዕዘኑ አለ፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ቀድመው ይጠብቋችሁ። ስለ አስረጂው ድምፅ ያልኸውም መድኃኒት አለው፤ ዐሥራ ሁለት ሰው ለአንድ ጠባብ መንገድ ብዙ ነው፣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ከአደባባዩ፣ ሌላው ከገበያው ይጀምርና በመስጊዱ አጠገብ ተገናኙ።

እንግዳ፦ ስለ ብስክሌቱ ምን ይላሉ? እኔ በግሌ አልደግፈውም፤ ነገር ግን ወጣቶቹ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ያደጉ ስለ ሆኑ ብስክሌት ለእነርሱ እግራቸው ነው። ጅቡቲም እንደ እነዚያ ከተሞች ሜዳ ናት፣ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ታዲያ ምን ይከለክላል ይላሉ።

ነዋሪ፦ ምድሩን በተመለከተ እውነት አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራራ ጥግ የተቀመጠች ስለ ሆነች ብስክሌተኛን ዳገቷ ያስለቅሰዋል፤ እዚህ ግን ከባሕሩ ጋር እኩል ነህ። ስለዚህ ለሁለተኛው ዘመን ሥራ፣ ለሙሌት መንገዶቹና ለባሕሩ ዳር፣ ብስክሌትን የሚወዳደረው የለም። ከዚህ ከሄሮን ተነሥቶ በፕላቶ ዱ ሰርፓን በኩል ትንንሽ ጀልባዎች እስከሚቆሙበት እስከ ኤስካል የሚወስደው መንገድ በእግር ሲሄዱት ይረዝማል፣ የሚታየውም ነገር በየርምጃው አይለዋወጥም፤ በአውቶቡስ ደግሞ ሳያውቁት ያልቃል። በብስክሌት ግን ባሕሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲለዋወጥ፣ ውኃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ የሚለቅሙት ወፎች ሲታዩ፣ ከተማው በደሴት ላይ ደሴት እየቀጠለ የተሠራ መሆኑ በሰውነትህ ይገባሃል። ሁለት ነገር ግን እከለክላችኋለሁ፤ አንደኛው፣ ወደ ወደቡ የሚወስደውን የከባድ መኪና መንገድ ነው። የአገራችን የባሕር ንግድ አብላጫው በዚህ ስለሚያልፍ፣ ኮንቴነር የጫነው ተሳቢ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም፤ ነጂው ከአዋሽ ጀምሮ የመጣ ድካም ተጭኖታል፣ ብስክሌተኛ ከጐኑ መኖሩን ላያይ ይችላል። ሁለተኛው ፀሐይ ናት።

እንግዳ፦ ፀሐይዋማ ለእግረኛውም ያው አይደለችምን?

ነዋሪ፦ ያው አይደለችም። እግረኛ በበረንዳ ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ሲደክመው ይቆማል፤ ላቡም ስለሚታየው ውኃ ይጠጣል። በብስክሌት የሚሄድ ግን በሙሌት መንገድ ላይ አንድም ጥላ የለው፤ ራሱ በሚያስነሣው ነፋስ ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅለት የጐደለበት ውኃ ሳይታወቀው፣ ከወረደ በኋላ ራሱን ያዞረዋል። እንዲያውም ልጄ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስም አቧራውን ይዞ ከምድረ በዳ በሚመጣበት ወራት መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሐተታ ትቼ «በማታ ውጡ» ብቻ እላችሁ ነበር። በአውሮጳ የጉብኝት ዳኛው ዋጋና ሰዓት ነው አልህ፤ እዚህ ዳኛዋ ፀሐይ ናት፣ ይግባኝም የላትም። ደግነቱ አሁን ኅዳር ነው፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለመንገደኛ የተመቸ ነው፤ ቢሆንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ብስክሌት አይነዳ።

እንግዳ፦ ከሰዓት በኋላስ?

ነዋሪ፦ ከተማው ራሱ ይነግራችኋል። እኩለ ቀን ሲሆን ጫቱ ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ጎዳናው ባዶ ይሆናል፤ ነዋሪው ሁሉ ወደ ጥላው ይገባል። በዚያን ሰዓት የሚዞር ጎብኚ የሚያየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ከተማው እንደገና ይነሣል፤ የሩቁን ለማየት በሚኒባስ የምትወጡበት ሰዓት ያ ነው።

እንግዳ፦ እንግዲህ የእኔ አውቶቡስ ድርሻ አገኘ! ባልባላንና ዶራሌን በእርሱ እናያለን ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ እኔ ራሴ በራሴ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። በአውሮጳ ሳለሁ፣ ጎብኚዎችን በአውቶቡስ ጭነው የድኻ ሰፈር ሲያሳዩ አይቼ፣ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ የሰውን ችግር እንደ ትርኢት መመልከቱን ኅሊናዬ አልተቀበለውም። ባልባላን እንዲሁ ብናደርግ ምን እንባላለን?

ነዋሪ፦ ይህን በማንሣትህ አመሰገንሁህ፤ ምክንያቱም ባልባላን ሳያዩ መሄድም ሌላ በደል ነው። በ1966 ጄኔራል ደ ጎል ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በዚህ በኩል ባለፈ ጊዜ፣ ሕዝቡ የነጻነት ሰንደቅ ይዞ ወጣበት፤ በአደባባይ ሊያደርገው የነበረው ንግግርም ቀረ። ከዚያ ሁከት በኋላ ከተማው በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ አጥሩን ባራዥ ይሉት ነበር፤ ከገጠርና ከጎረቤት አገር ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከዚያ ላይ ደርሶ ይቆም ነበር። ባልባላ ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በእንጨት የተጀመረ መንደር ነው፤ ከነጻነት በኋላ በ1987 ከከተማው አስተዳደር ጋር ተቀላቀለ፤ ዛሬ ከከተማው ሕዝብ እጅግ ብዙው የሚኖረው እዚያ ነው። አሮጌውን ከተማ ብቻ አይቶ ጅቡቲን አየሁ የሚል ሰው ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ አየ። ስለዚህ ወደ ባልባላ ሂዱ፤ በኮንትራት መኪና ግን አትሂዱ። ከመሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ሕዝቡ በሚሳፈርበት ሚኒባስ፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ፣ ከሠራተኛውና ከተማሪው ጋር ጕልበት ለጕልበት ተነካክታችሁ፣ ሒሳባችሁን ለረዳቱ ከፍላችሁ ሂዱ። ያን ጊዜ እናንተ የምታዩ ብቻ ሳትሆኑ የምትታዩም ትሆናላችሁ፤ መተያየት ደግሞ ከትርኢት የተለየ ነገር ነው።

እንግዳ፦ እናታችን በዚያ መጨናነቅ ውስጥ…

ነዋሪ፦ ለእርሳቸው ከፊት፣ ከሾፌሩ ጐን ያለውን ወንበር ለምኑላቸው፤ የዚህ አገር ሰው አረጋዊት ቆማ አይቶ ዝም አይልም። በመንገድ ላይ የአምቡሊን ወንዝ ስትሻገሩ፣ ደረቅ አሸዋ ስለምታዩ እንዳትንቁት ንገራቸው፤ በ2019 በኅዳር ወር የወረደው ዝናብ ከተማውን በጎርፍ ሞልቶት ነበር።

እንግዳ፦ አሁን የቀረን የባቡሩ ነገር ነው። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው በኤሌክትሪኩ ባቡር ነው፤ በናጋድ ወርደን በመኪና ወደዚህ ስንገባ አሮጌውን ጣቢያ ሳናይ አለፍን።

ነዋሪ፦ እንግዲህ ያገለገልሁበትን ቤት አንሥተሃልና ትንሽ ታገሠኝ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለሙሴ ኢልግ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ፤ እርሱና ሙሴ ሸፍኔ ገንዘቡን ከፓሪስ ሲያፈላልጉ ቆይተው፣ በ1897 ሥራው ከዚህ ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህች ከተማ ከተማ የሆነችው በዚያ ሐዲድ ምክንያት ነው፤ የምኒልክ ስም በአደባባይዋ ላይ የቆመውም ስለዚሁ ነው። ልዑል ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮጳ ሲሄዱ ያለፉት በዚህ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የጕዞውን ነገር «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ ጽፈውታል፤ በ1936 ደግሞ እኒያው ልዑል፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳለ ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ በዚሁ ሐዲድ ወርደው ኢንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። ደስታውም ሐዘኑም የተጫነው በአንድ ሐዲድ ነው። አዲሱ ባቡር በአዲስ አበባ በጥቅምት 2016፣ እዚህም በናጋድ በጥር 2017 ተመረቀ፤ ጣቢያው ከከተማው የራቀው ምድር ባቡር ዛሬ ከሰው ይልቅ ለዕቃ የሚያስብ ስለ ሆነ ነው። አሮጌው ጣቢያ ግን ከከተማው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ወጣቶቹ ከዚህ በብስክሌት ሲመጡ፣ እናንተም በእግር ከአደባባዩ ስትነሡ፣ በዚያ መገናኘት ትችላላችሁ።

እንግዳ፦ ፎቶግራፍ ማንሣትስ?

ነዋሪ፦ ሰው ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወደብ፣ ወታደር፣ ቤተ መንግሥትና የጦር ሰፈር ከሆነ ካሜራውን አታውጡት። ይህ አገር የፈረንሳይን፣ የአሜሪካንን፣ የጃፓንን፣ የኢጣልያንንና የቻይናን ጦር በአንድነት ያስቀመጠ አገር ነው፤ ጠባቂው የታሪክ መምህር መሆንህን አይጠይቅም። ይህ ሄሮን ራሱ የፈረንሳይ የባሕር ኀይል ሰፈር አለበት፤ ስለዚህ ብስክሌተኞቹ ከዚህ ሲነሡ ስልካቸውን በኪሳቸው ያድርጉ። ሴቶቹም ወንዶቹም ትከሻና ጕልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ በመስጊዱም ደጅ በጸሎት ሰዓት አትጨናነቁ።

እንግዳ፦ እንግዲህ ፍርዱን በአንድ ቃል ይስጡኝና ለማኅበሩ ልንገረው።

ነዋሪ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌት የሚችሉት ከሄሮን ተነሥተው በሰርፓን በኩል እስከ አሮጌው ጣቢያ ይምጡ፤ የቀሩት እናታችሁን ይዘው በታክሲ እዚያ ይጠብቋቸው። ከዚያ ብስክሌቱ ተመልሶ ሁላችሁም በእግር፣ በሁለት ቡድን፣ ምኒልክ አደባባይን፣ መስጊዱንና ገበያውን እስከ 4 ሰዓት ድረስ እዩ፤ እኩለ ቀን ዕረፉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ በሕዝብ ሚኒባስ ወደ ባልባላ ውጡ። ዶራሌን ተዉት፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ክሬን ከማየት በቀር የምታተርፉት የለም፤ በአንድ ቀን ሁሉን ማየት ያልኸው ምክንያት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ለማኅበርህም እንዲህ በላቸው፤ እንግዳ የሆነበትን ከተማ ሊጎበኝ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ይምረጥ፣ ከዚያ ሰፈሩን ይምረጥ፣ በምን እንደሚሄድ ግን በመጨረሻ ይወስን፤ ሁለቱን በትክክል የመረጠ ሰው ሦስተኛውን ለመምረጥ አይከራከርም።